ስለ ተፈጥሮ መቅሠፍት መብዛትና ስለ ሰው ሞት ማነስ

ለገጠር ተማሪ ቤቶች መምህራን፤ ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ ድርቅ፤ ስለ ጐርፍ፤ ስለ ምድር መናወጥና ስለ ዐውሎ ነፋስ ነው። ይህን በሰማችሁ ጊዜ «እኛ ያላየነው ምን አለና ይነግረናል» የሚል ሰው በልቡ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ፤ እውነቱንም ነው። አያቶቻችን ዕድሜያቸውን ሲናገሩ የተወለዱበትን ዓመት በቍጥር አይጠሩም ነበር፤ «በክፉ ቀን ማግሥት»፤ «የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ» ይሉ ነበር እንጂ። ዛሬም ቢሆን «ሰባ ሰባት» ብሎ የተናገረ ሰው ምን ማለቱ እንደ ሆነ ማንም አይጠይቀውም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ሰብስበን ስናጤስ የምናስበው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የጨረሰውን ያንኑ በሽታ ነው። እንግዲህ የዚህ አገር ሰው መቅሠፍቱን እንደ ቀን መቍጠሪያ አድርጎ ይዞት ኖሯል ማለት ነው።

ነገር ግን መቅሠፍትን ማየትና መቅሠፍትን መቍጠር የተለያየ ነገር ነው። ያየ ሰው የራሱን መንደርና የራሱን ዘመን ያውቃል፤ የቈጠረ ሰው ግን ያለፈውን ከአሁኑ፤ የእኛን ከጐረቤት አገር ጋራ አስተያይቶ ለመፍረድ ይችላል። ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መቅሠፍት ከቀድሞው ይልቅ በዝቷል ወይስ አንሷል» የሚል ነው። አንዱ «በእኛ ልጅነት ዝናቡ ወቅቱን ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ» ይላል። ሌላው ደግሞ «የለም፤ የቀድሞው ይብሳል፤ ያን ጊዜ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር» ይላል። እኔ እንደ ተረዳሁት ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የሚከራከሩትም አንዱ የመቅሠፍቱን ቍጥር፤ ሌላው የሙታኑን ቍጥር ስለሚናገር ነው። እንግዲህ የአገራችንን ነገር ስናገር በእኛ አቈጣጠር፤ የውጭ አገሩን ስናገር ግን በአውሮፓ አቈጣጠር እላለሁና እንዳትሳሳቱ አደራ።

የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት የሚባለው፤ ማለት የየአገሩን የአየር ጠባይ መርማሪዎች የሚያስተባብረው ማኅበር፤ ከ1970 እስከ 2019 ድረስ በ50 ዓመት ውስጥ ከአየር ጠባይና ከውኃ የመጡትን አደጋዎች ሁሉ አስቈጥሮ ነበር። ቍጥራቸው ከ11 ሺህ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ የሞተውም ሰው ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። በዚያ ዘመን ውስጥ የተመዘገበው አደጋ 5 ጊዜ እጥፍ ጨመረ፤ የጠፋውም ገንዘብ 7 ጊዜ እጥፍ ሆነ። የሞተው ሰው ግን እንደዚያው በመጨመር ፈንታ ቀነሰ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በአማካይ በቀን 170 ያህል ሰው ይሞት ነበር፤ በ1990ዎቹ 90 ያህል፤ በ2010ዎቹ ግን 40 ያህል ሆነ። ከዚህ ላይ አስተዋይ ሰው «የተመዘገበ» ያልሁትን ቃል ልብ ይበል። ከ50 ዓመት በፊት በአንድ ሩቅ ቈላ የወረደ ጐርፍ መንደር ጠርጎ ቢሄድ ዜናውን የሚጽፍ አልነበረም፤ ዛሬ ግን በዚያው ቀን ይሰማል። ስለዚህ ከአምስቱ እጥፍ አንዱ ክፍል የመቅሠፍቱ መብዛት ሳይሆን የጸሓፊው መብዛት ነው። ቢሆንም የሙቀትና የከባድ ዝናብ መጨመር በመሣሪያ ተለክቶ የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ገዛ አገራችን እንመለስና ከክፉ ቀን እንጀምር፤ ምክንያቱም ከእርሱ የበለጠ የሚያስተምር የለም።

በ1880 ዓ.ም. ግድም የኢጣልያ ጦር በምጽዋ ወደብ ያስገባው ከብት በሽታ ይዞ ገባ። በሽታውም በአማርኛ «ደስታ» የሚባለው ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ለእንዲህ ያለ ነገር መሰጠቱ እጅግ ያስደንቃል። ደስታ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ሰደድ እሳት ወረደ። ከመቶው ከብት 90 ያህሉ አለቀ ተብሎ ይገመታል። በዚያው ዘመን ዝናቡ ቀረ፤ የተረፈውን አዝመራ አንበጣና ተምች በላው። ራብ ባደከመው ሰው ላይ ኮሌራና ፈንጣጣ ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ከአገሩ ሰው ከሦስት እጅ አንዱ እንዳለቀ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ።

ድርቅ ቀድሞም ነበረ፤ ከዚያም በኋላ ነበረ። ስለ ምን ይህኛው እንዲህ ከፋ ቢሉ መልሱ በሬው ነው። ዝናብ አንድ ዓመት ቢቀር በሚመጣው ዓመት ይዘንባል፤ የሚያርሰው በሬ ከሌለ ግን ዝናቡ በከንቱ ይወርዳል። ዝናቡ በተመለሰበት ክረምት ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ቆመ፤ የሚጠምደው ግን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ ጐተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን ከማብላታቸውም በላይ፤ ሰው በእጁ ቈፍሮ እንዲዘራ ለማስተማር ብለው ራሳቸው መቈፈሪያ ይዘው ቈፈሩ። መኳንንቱና ወታደሩም የእርሳቸውን አይተው ቈፈሩ። ይህ የሆነው ገበሬው ከብት ያለቀበትን እርሻ በእጅ መቈፈር ነውር መስሎ ስለ ታየው ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ የማደንቀው ነገሥታት መሥራታቸውን ብቻ አይደለም፤ ራቡን የያዘው ቋጠሮ የት እንደ ሆነ ማወቃቸውን ነው እንጂ።

የዚህን በሽታ ፍጻሜ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አልሰማም። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም በኬንያ ሙጉጋ በሚባል ስፍራ ሆኖ ለደስታ በሽታ ደኅና ክትባት አበጀ። ክትባቱ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በረዶ ካላገኘ ይበላሽ ነበርና ወደ በረሃ ሊገባ አልቻለም። በሽታውም በአፋር በረሃ ተሸሽጎ ኖረ። በኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘ፤ ከአፋር ሰዎችም መካከል ተመርጠው የተማሩት መድኃኒቱን ተሸክመው፤ ሐኪም በማይደርስበት ስፍራ ሁሉ የገዛ ወገናቸውን ከብት ከተቡ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሽታው በአገራችን አልታየም። በ2011 በአውሮፓ አቈጣጠር ደስታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በይፋ ተነገረ። ፈንጣጣም ከዚያ ቀድሞ በኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ታየ፤ በ1980 በአውሮፓ አቈጣጠር ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። እንግዲህ አያቶቻችንን በክፉ ቀን ከፈጇቸው ጠላቶች ሁለቱ ዛሬ በዓለም ላይ የሉም ማለት ነው። ሦስተኛው ኮሌራ ግን አለ፤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ሁሉ ይመላለሳል። አንበጣውም አለ። በ1950ዎቹ በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ይልቁንም በ1958፤ በአገራችን የበላው እህል አንድ ሚሊዮን ሰው ዓመት ሙሉ የሚቀልብ እንደ ነበረ ተጽፏል። በ2012 ዓ.ም.ም ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ብዛት ያለው አንበጣ መጥቶ ነበር። ሆኖም በአውሮፕላን በሚረጭ መድኃኒት ተከላከሉት፤ ብዙ አዝመራ ቢበላም አገር አላስራበም።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የሆነውን ራብ ሳነሣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የሞተው ሰው ቍጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይባላል። አማርትያ ሴን የተባለ የህንድ የሀብት ትምህርት ሊቅ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ራብ መርምሮ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየ። በዚያ ዓመት በመላው አገር የተገኘው እህል ከሌላው ጊዜ እጅግ ያነሰ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም የእህሉ ዋጋ የሚያስፈራ ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበረ። ሰውየው የሞተው እህል በገበያ ጠፍቶ ሳይሆን የሚገዛበት ስላጣ ነው፤ አዝመራው ሲደርቅበት የሚበላውም የሚሸጠውም አንድ ጊዜ ጠፋበት። ከብቱን ሊሸጥ ቢያወጣ ሁሉም አውጥቷልና የከብቱ ዋጋ ወደቀ። ይህን ነገር ገበሬ ሁሉ በገዛ እጁ የሚያውቀው ነው፤ ሊቃውንት ግን ዘግይተው አወቁት። ሌላው ክፉ ነገር ደግሞ የዚያ ራብ ዜና ለብዙ ጊዜ ተሸሽጎ መቆየቱ ነው፤ ለዓለም የተገለጠው አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ፊልም አንሥቶ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ካሳየ በኋላ ነበር።

ከዚህ የተነሣ የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይህም መሥሪያ ቤት በ1976 ዓ.ም. የበልጉንና የክረምቱን ነገር አይቶ ብዙ ሚሊዮን ሰው ሊራብ እንደ ሆነ ራቡ ሳይጸና አስታወቀ። እንግዲህ በ1966 ያልነበረው ነገር በ1976 ነበረ፤ ጠባቂው ነቅቶ ጮኸ ማለት ነው። ነገር ግን ጩኸቱን የሚሰማ አልተገኘም። የውጭ አገር መንግሥታት ቍጥሩ በዝቷል ብለው ተጠራጠሩ፤ በአገር ውስጥም መንግሥቱ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል በብዙ ወጪ ያከብር ነበር፤ በሰሜንም ጦርነት ነበረና መንገዱ ተዘጋ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቆረም ሜዳ ሥዕል በቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ርዳታው አልመጣም። የሞተው ሰው ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

ከዚያ 31 ዓመት ቈይቶ በ2007 ዓ.ም. ክረምትና በ2008 ዓ.ም. ሌላ ጽኑ ድርቅ መጣ። በሩቅ፤ በጸጥታው ውቅያኖስ፤ የባሕሩ ፊት ከልክ በላይ በሚሞቅበት ጊዜ (ይህንም ሊቃውንት ኤልኒኞ ይሉታል) ወደ እኛ የሚነፍሰው የዝናብ ነፋስ ይደክማል፤ ክረምቱም ይሰስታል። በ1964ና በ1965 ዓ.ም. የሆነው እንዲሁ ነበር፤ በ2007ም እንዲሁ ሆነ። የአስቸኳይ ምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10 ሚሊዮን ከ200 ሺህ መሆኑ ተነገረ፤ ይህም በሰባ ሰባት ከተራበው ይበልጣል። ሆኖም ቆረም እንደ ገና አልታየም። ስለ ምን ቢሉ፤ ጠባቂው ነቅቶ ነበር፤ መንገድ ነበረ፤ በመንግሥት ጐተራም እህል ነበረ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ልማታዊ ሴፍቲኔት በሚባለው ሥራ ብዙ ሚሊዮን ችግረኛ ሰው እርከን እየሠራ፤ ጕድጓድ እየቈፈረ፤ በክፉው ወራት እህል ወይም ገንዘብ ይቀበል ነበር። ይህ ሰው በሬውን ሳይሸጥ ክረምቱን ተሻገረ። የምኒልክ መቈፈሪያና ይህ ሥራ የተለያዩ ቢመስሉም የያዙት ቋጠሮ አንድ ነው።

እንዲህ ስል ግን «እንግዲያስ ራብ አለፈ» ብላችሁ እንዳትታለሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት በነበረ ጊዜ መንገዱ ሲዘጋ፤ ዝናብ እያለ እንኳ ሰው በራብ ሞቷል። በደቡብና በምሥራቅ ቈላ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ቀርተው በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አለቀ። አርብቶ አደሩ በነፍሱ ተርፎ ያለ ከብት ቀረ፤ ይህ ነገር በሙታን ቍጥር ውስጥ አይገባም።

ለእናንተ ለመምህራን ይልቁንም የሚገባችሁ ነገር አለ። ሁለት ተመራማሪዎች በሰባ ሰባት ራብ ጊዜ ከ3 ዓመት በታች የነበሩትን ሕፃናት፤ አድገው ሙሉ ሰው ከሆኑ በኋላ ፈልገው ለኳቸው። ቁመታቸው ራቡ ካልነካቸው ሰዎች በ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጠረ ሆኖ ተገኘ፤ የአንደኛ ደረጃን ትምህርትም ሳይጨርሱ የቀሩት ከእነርሱ መካከል ይበዙ ነበር። አስቡት፤ ራቡ ያለፈው እነርሱ አፍ ሳይፈቱ ነው። በተማሪ ቤታችሁ «ይህ ልጅ ደካማ ነው» ብላችሁ የምትገሥጹት ልጅ ምናልባት ድርቁ በማኅፀን ሳለ ያገኘው ይሆናል። ልጅን ከተማሪ ቤት ማስቀረትም የክፉ ዘመን የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ አባት በሬውን ከመሸጡ በፊት ልጁን ወደ ውኃ ቀጂነትና ወደ ቀን ሥራ ያወጣዋል። ስለዚህ የመምህሩ የስም መጥሪያ ደብተር፤ አንባቢ ቢያገኝ፤ ድርቁን ከጐተራው ቀድሞ ይናገራል።

አሁን ደግሞ ከአገራችን ርቀን የባንግላዴሽን ነገር እንይ። ይህ አገር በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ራስ ላይ ያለ፤ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ የማይል፤ ታላላቅ ወንዞች ያመጡት ደለል የሠራው ሜዳ ነው። ባሕሩ ጥልቀት የለውም፤ ወደ አገሩ ሲቀርብም እንደ ማንቈርቈሪያ ይጠባል። ስለዚህ ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ውኃው መሄጃ አጥቶ እንደ ግንብ ቆሞ ወደ ምድር ይገባል። ኅዳር 12 ቀን 1970 ሌሊት እንዲህ ያለ ማዕበል ገብቶ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሰው አሰጠመ። ነፋሱ መምጣቱን መርማሪዎች ዐውቀውት ነበር፤ ዜናው ግን ለዓሣ አጥማጁና ለገበሬው እንደሚገባ አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ በ1972 አንድ ሥራ ተጀመረ። በየመንደሩ ሰዎች በፈቃዳቸው ተመርጠው ተማሩ፤ የድምፅ ማጕሊያና ባንዲራ ተሰጣቸው። አንድ ባንዲራ ሲሰቀል ተጠንቀቁ፤ ሁለት ሲሰቀል ተዘጋጁ፤ ሦስት ሲሰቀል ሽሹ ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ይህን ያነበዋል። ነገር ግን ሥራው ወዲያው አልሠመረም። በ1991 ሚያዝያ መጨረሻ ሌላ ማዕበል ገብቶ 140 ሺህ ያህል ሰው ገደለ። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ደርሶ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ብዙዎቹ አልሸሹም። ለምን አልሸሻችሁም ተብለው የተረፉት ሲጠየቁ የመለሱት መልስ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። መሸሸጊያ ቤቱ ጥቂትና ሩቅ ነበረ። ሴቶቹ ባሎቻቸው ሳይመጡ ከቤት ለመውጣት አልወደዱም፤ ከባዕድ ወንዶች ጋራ በአንድ ቤት ማደርንም አፈሩ፤ ስለዚህ ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ አለቁ። ገበሬውም ላሙን ትቶ ለመሄድ እምቢ አለ።

ከዚህ በኋላ ሥራውን ያሻሻሉት ይህን ሰምተው ነው። ብዙ መሸሸጊያ ቤት በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ከፍ ተደርጎ ተሠራ፤ በዘወትር ቀን አብዛኛው ተማሪ ቤት ነው። ለሴቶች የተለየ ክፍል ተበጀለት። ለከብቱም በአጠገቡ አፈር ተቈልሎ ከፍ ያለ ሜዳ ተሠራ፤ ሰውየው ላሙን እየነዳ እንዲሸሽ። ማስጠንቀቂያውን የሚያደርሱት ሰዎች ቍጥርም እየበዛ ሄዶ ዛሬ ከ70 ሺህ አልፏል፤ እኩሌታው ሴቶች ናቸው። በ2007 ሲድር የተባለ ጽኑ ዐውሎ ነፋስ መጣና 3 ሺህ 400 ያህል ሰው ሞተ። በ2020 አምፋን የተባለው በመጣ ጊዜ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አስቀድሞ ሸሸ፤ በባንግላዴሽ የሞተው ከ30 ያነሰ ነው። ከ300 ሺህ ወደ 30 መድረስ 50 ዓመት ፈጀ። ባሕሩ ያው ነው፤ የሰውም ብዛት በእጥፍ ጨምሯል። የፈረሰው ቤትና የጠፋው አዝመራ ግን እጅግ ብዙ ነበር፤ ባንዲራ ሰውን ያሸሻል እንጂ ሩዝን አያሸሽም።

የምድር መናወጥ ደግሞ እንደ ነፋስ ቀኑ አይነገርም፤ ሆኖም እዚያም ልዩነቱን የሚያመጣው ሰው የሠራው ቤት ነው። በጥር ወር 2010 በሃይቲ የሆነው ከ200 ሺህ በላይ ሰው ገደለ ተብሏል። ከ6 ሳምንት በኋላ በቺሌ የሆነው መናወጥ በኀይሉ 500 ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር፤ የሞተው ግን 500 ያህል ሰው ነው። ቺሌ ብዙ ጊዜ ተናውጣ ተምራለችና ቤት የሚሠራው በሕግ ነው። ይህን ለእናንተ መንገሬ በከንቱ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ ያለን ሰዎች ነን። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አጠገብ ምድር ለወራት ስትናወጥ፤ ብዙ አሥር ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል። እንዲሁም «ሞት እያነሰ ነው» ያልሁት ነገር ሰው ሥራውን ከተወ እንደሚገለበጥ ከሊቢያ እንማር። በደርና ከተማ ላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች አገሩ በጦርነት ሲታመስ ጠጋኝ አጥተው ኖሩ፤ በመስከረም 2023 ከባድ ዝናብ በወረደ ጊዜ በሌሊት ተደረመሱ። በአንድ ሌሊት ከ5 ሺህ የማያንስ ሰው ሞተ።

እኛ አገር ድርቁን ብዙ ጊዜ ስለምናስብ ጐርፍና ናዳ ሲመጣ ሳንዘጋጅ ያገኘናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ የሆነው እንዲህ ነው። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው፤ ሰው በዳሩ ቤት ሠርቶ ነበር። ዝናቡ የዘነበው በላይ፤ በደጋው ነው፤ ከተማው ተኝቶ ሳለ ውኃው ወረደና ከ250 የሚበልጥ ሰው ጠረገ። ከሩቅ የሚመጣ ውኃ ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ሰዓት አለው፤ በደጋ ያለው ሰው በቈላ ላለው ወንድሙ የሚልክበት ስልክ ዛሬ በየኪሱ ይገኛል።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ የሆነውን ናዳ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከባድ ዝናብ ሌሊቱን ዘንቦ ኮረብታው ተናደና ጥቂት ቤተ ሰቦች ተቀበሩ። የመንደሩ ሰው ጐረቤቱን ሊያወጣ ሮጦ መጣ፤ በእጁና በመቈፈሪያ ሲቈፍር ሳለ ኮረብታው ሁለተኛ ጊዜ ተናደበት። ከ240 ከሚበልጡት ሙታን ብዙዎቹ ለርዳታ የመጡት ናቸው። እንግዲህ ይህን ያህል ደግነት ያለውን ሕዝብ «አትርዳ» ማለት አይቻልም፤ ማለትም አይገባም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተናደ ኮረብታ እንደ ገና እንደሚናድ ሁሉ ሰው ይወቅ። ቈፋሪዎች ከመግባታቸው በፊት አንድ ዐይነ ብሩህ ሰው በማዶ ቆሞ ኮረብታውን ብቻ ይጠብቅ፤ ድንጋይ ሲንከባለል ወይም አፈር ሲንሸራተት ባየ ጊዜ ይጩኽ። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ አይግባ። ናዳ ከመምጣቱ በፊትም የሚታይ ምልክት አለ፤ ከቤት በላይ ባለው ዳገት መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ዛፍና አጥር ያዘነብላል፤ ጥሩ የነበረ ምንጭ ይደፈርሳል። እነዚህን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከሽማግሌ ቀድሞ ያያቸዋልና፤ ልጅ አየሁ ብሎ ሲናገር አባት አይናቀው።

ከላይ ስለ ሙቀት እናገራለሁ ብዬ ነበር። ዓለም ከ150 ዓመት በፊት ከነበረው ከ1 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ጨምሯል፤ ምክንያቱም ሰው ከሰልና ዘይት በብዛት በማንደዱ ነው። አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል የሚበልጥ ተን ይሸከማል። ስለዚህ ሲዘንብ ባንድ ጊዜ አብዝቶ ያፈሳል፤ ሳይዘንብ ሲቀርም ምድሪቱን ይበልጥ ይመጥጣታል። ጐርፍና ድርቅ በአንድ አገር፤ አልፎ አልፎም በአንድ ዓመት መታየታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ለዚህ ነገር የእኛ ገበሬ ያዋጣው ጢስ እጅግ ጥቂት ነው፤ ዕዳው ግን በእርሱም ላይ ይወድቃል። ይህ ቅር የሚያሰኝ ነው፤ መንግሥታትም በየጉባኤው ይከራከሩበታል። ከዚህም ሌላ በሰባ ሰባት 40 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአገራችን ሰው ዛሬ ከ120 ሚሊዮን አልፏል፤ ቀድሞ ሰው ይሸሸው በነበረው ዳገትና በወንዝ ዳር ሁሉ ዛሬ ጐጆ አለ። ሰማዩ እንደ ቀድሞው ቢሆን እንኳ ጐርፉ የሚያገኘው ሰው በዝቷል።

እንግዲህ ተማሪ ቤታችሁ ከዚህ ሁሉ ምን ድርሻ አለው ትሉኝ ይሆናል። የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ የሚዘንበውን ያልለካ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ «ዝናቡ ቀንሷል» ቢል የሚያምነው አያገኝም። ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው፤ አፉና ታቹ እኩል የሆነ አንድ ቆርቆሮ ፈልጉ፤ ከላይ የጠበበ ወይም የሰፋ አይሁን። ከዛፍና ከጣራ ራቅ ባለ ገላጣ ስፍራ፤ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ደግፋችሁ አቁሙት፤ ፍየልም እንዳይጠጣው እጠሩት። በየቀኑ ጧት በ3 ሰዓት አንድ ተማሪ የውኃውን ጥልቀት በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለካ፤ ከዚያም ይድፋው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ እንግዲህ 50 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ ስንት ሊትር እንደሚያወርድ ልጆቹ ያስሉት። አንድ ሺህ ይሆናል።

ደብተሩን መምህሩ ሲለወጥ ይዞ አይሂድ፤ በተማሪ ቤቱ ሣጥን ይቀመጥ። ቀኑና ልኩ፤ የለካውም ልጅ ስም ይጻፍበት። ጐርፍ የወረደበት፤ አንበጣ የታየበት፤ ምድር የተናወጠበት ቀን በዳር ይጻፍ። ዝናብ ያልዘነበበትም ቀን ባዶ አይተው፤ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ ኋላ የሚያነበው ሰው ዝናቡ ይሁን የቀረው ልጁ ለማወቅ አይችልም።